ከድረገጹ ያወረድኩት የኡቡንቱ አይኤስኦ ሃሹ አልገጥም አለ፣ 6 ጊጋውን እንደገና ላውርድ ወይስ መላ አለው?

ፎቶኮፒ_አጂፕ

ሰላም ቤተሰብ እንዴት ናችሁ። ጅማ አጂፕ ጋ አንዲት ትንሽ የፎቶኮፒና የኮምፒውተር ጽሑፍ ሱቅ አለችኝ፣ ሦስት ኮምፒውተር ነው ያለኝ ሁለቱ ያረጁ ናቸው። የካምፓስ ልጆች አሳይመንት ፕሪንት ሊያስደርጉ ፍላሽ በሰኩ ቁጥር ያ የሾርትከት ቫይረስ እየገባ ፎልደሩን ሁሉ ሾርትከት እያደረገ አሰለቸኝ፣ አንዷ ልጅማ መመረቂያ ጽሑፌ ጠፋ ብላ ሱቄ ውስጥ ቁጭ ብላ አለቀሰች (ተደብቆ ነው እንጂ አልጠፋም ነበር በኋላ አወጣሁላት)። በቃ ኡቡንቱ (በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫን ነፃ ሲስተም ነው) ጫኚበትና ተገላገዪ አሉኝ እሺ አልኩ።

ከራሱ ከድረገጹ የ24.04ን አይኤስኦ፣ ማለትም የመጫኛውን ፋይል፣ ማውረድ ጀመርኩ፣ ወደ 6 ጊጋ ነው። በቀን ፓኬጅ የሚሞከር አይደለም ስለዚህ የሌሊት ፓኬጅ እየገዛሁ ሦስት ሌሊት ፈጀብኝ፣ በዚያ ላይ ክረምት ነው የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ፣ ነጎድጓዱ ሲጀምር መብራቱ ቀድሞ ነው የሚሄደው፣ ሁለት ጊዜ መሃል ላይ ጠፍቶብኛል፣ ዴስክቶፕ ስለሆነ ድርግም ነው የሚለው፣ ግን ዳውንሎድ ማኔጀሩ ካቆመበት ስለሚቀጥል ብዙም አልተጨነቅኩም። በሦስተኛው ቀን ንጋት ላይ 100 ፐርሰንት አለልኝ። ሩፈስ በሚባለው የመጫኛ ፍላሽ መሥሪያ ፕሮግራም ፍላሽ ላይ ጻፍኩት፣ መጫን ጀመረ፣ ትንሽ እንደሄደ ቀጥ አለ። ድጋሚ ሞከርኩ እዚያው ቦታ ላይ ቀጥ።

አንድ ደንበኛዬ "ሃሹን አይተሻል?" አለኝ። ሃሽ የማውቀው በፊልም ነው፣ ለካ ከፋይሉ ይዘት የሚሰላ እንደ አሻራ ያለ ቁጥር ነው። አሳየኝ፣ ፋይሉ ላይ ራይት ክሊክ ተደርጎ ሰቨን ዚፕ ካለ ከሥሩ ሻ256 የሚል ይመጣል፣ ሦስት ደቂቃ ገደማ ፈጅቶ ረጅም የፊደልና የቁጥር ድብልቅ አወጣ፣ ድረገጹ ላይ ካለው ጋር ስናስተያየው አይገናኝም፣ የመጀመሪያዋ ፊደል እንኳን ሌላ ነች።

የማይገባኝ ግን የፋይሉ መጠን ድረገጹ ላይ ካለው ጋር እስከ መጨረሻዋ ባይት እኩል ነው። መጠኑ እኩል ከሆነ ምኑ ነው የተበላሸው? ደግሞስ ጥቂት ቦታ ብቻ ከሆነ የተበላሸው ሙሉውን እንደገና ማውረድ አለብኝ? ሦስት ሌሊት እኮ ነው ያልተኛሁት።

ዝም_ብለህ_ጫን

ብሮ ሃሽ ምናምን ተወው። እኔ 10 ዓመት ሙሉ ዊንዶውስ ስጭን አንድ ቀን አይቼው አላውቅም። ፍላሽ ቀይርና ሞክር።

ላጲስና_ራም

ከላይ ያለው ወንድማችን መጀመሪያ "ብሮ" ያላት እህታችን መሆኗን ያንብብ። ሁለተኛ እሱ እድለኛ ነው እንበል፣ እሷ ግን አይታው አልገጠመም፣ ሃሹ ያልገጠመን ፋይል ፍላሽ ብትቀያይሪለት አይድንም።

እህቴ ከሁሉም በፊት አንድ ነገር አድርጊ። ሃሹን ያንኑ ፋይል ላይ ሦስት ጊዜ አስልተሽ ሦስቱንም ኖትፓድ ላይ አስቀምጪ። ሦስቱም ጊዜ ያው አንድ የተሳሳተ ቁጥር ከመጣ የተበላሸው ፋይሉ ነው። በየጊዜው ሌላ ሌላ ቁጥር የሚያወጣ ከሆነ ግን ፋይሉን ተይውና ማሽኑን ጠርጥሪ። እኔ ጥገና ቤት ነው የምሠራው፣ አምና አንድ ዴስክቶፕ መጣልኝ፣ ባለቤቱ "ምንም ነገር ብጭን ይበላሻል" ይላል፣ አንድ ፋይል ሦስቴ ሃሽ አስደረግኩት ሦስት ዓይነት ቁጥር አወጣ። ራሙን ነቅዬ ወርቃማ ጥርሱን በላጲስ ፈትጌ መለስኩት፣ ትንሽ ተሻሻለ፣ ሁለቴ ልክ መጥቶ በሦስተኛው ተሳሳተ፣ ሚምቴስት የሚባለውን የራም መፈተሻ ሳስኬድበት ስክሪኑ ቀይ በቀይ። ከሁለቱ ራም አንዱን ጥዬ በአንዱ ብቻ ሰደድኩት እስካሁን ሰላም ነው። እና ያ ሰውዬ ስንት ጊዜ ፋይል እያወረደ የሰው ጥፋት ሲያደርገው ነበር።

መጠኑ እንዴት እኩል ሆነ ላልሽው፣ ሠርግ ቤት ወንበር ላይ ነጠላ አስቀምጦ ቦታ መያዝ ታውቂያለሽ አይደል? ብዙዎቹ ዳውንሎድ ማኔጀሮች እንደዚያ ናቸው፣ ገና ሲጀምሩ ለ6 ጊጋው የሚሆነውን ቦታ ዲስኩ ላይ ቀድመው ይይዙታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ የፋይሉ መጠን ሙሉ ነው፣ ሰው ግን ገና አልተቀመጠበትም። አሁን መብራቱ ድርግም ሲል ከኔቱ የመጣው ዳታ ገና ራም ላይ ነው ዲስክ ላይ አልወረደም፣ ማኔጀሩ ግን ደብተሩ ላይ "ይሄን ጨርሻለሁ" ብሎ ጽፎታል። መብራት ሲመጣ ከዚያ ወዲያ ያለውን ነው የሚቀጥለው፣ መሃሉ ላይ ዜሮ ብቻ የሞላበት ቀዳዳ ቀረ። ነጠላው አለ ሰውየው የለም።

ፎቶኮፒ_አጂፕ

አልሃምዱሊላህ ቢያንስ ራሜ ደህና ነው ማለት ነው፣ ሦስቴ አሰላሁት ሦስቱም ያው የተሳሳተው ቁጥር ነው። የነጠላው ነገር ገብቶኛል 😂 ግን ኔቱ ራሱ ሲያወርድ አያጣራም እንዴ? መንገድ ላይስ ሊበላሽ አይችልም?

የማታ_ተማሪ

ያጣራል። በኔት የሚሄድ እያንዳንዱ ፓኬት ቲሲፒ የሚባለው ባለ 16 ቢት ቼክሰም (ማጣሪያ ቁጥር) ይለጠፍበታል፣ ግን 16 ቢት ማለት ሊሆን የሚችለው 65,536 ዓይነት ቁጥር ብቻ ስለሆነ አልፎ አልፎ የተበላሸ ፓኬት በአጋጣሚ ትክክለኛ ቁጥር ይዞ ሊያልፍ ይችላል። ዱሮ ይሄ ትልቅ ነገር ነበር። አሁን ግን ድረገጹ በኤችቲቲፒኤስ ከሆነ ኢንክሪፕሽኑ ራሱ ከዚያ እጅግ የጠነከረ ማጣሪያ አለው፣ መንገድ ላይ አንዲት ቢት ብትቀየር ግንኙነቱን ያቋርጠዋል እንጂ አያሳልፍም። ስለዚህ ያንቺ ፋይል የተበላሸው ቤትሽ ከገባ በኋላ ነው፣ ላጲስ ያለው ነው ትክክሉ።

አሁን ዋናው ነገር። ሙሉውን እንደገና አታውርጂ!! ወላሂ አንዲት ሌሊት እንኳን አያስፈልግሽም።

ሻ256 የሚነግርሽ "ይሄ ፋይል ያ ፋይል አይደለም" ብሎ ብቻ ነው፣ የቱ ጋ እንደተበላሸ አይነግርሽም፣ ስድስት ጊጋ ሙሉ አንድ ቁጥር ነው ያለው። ቶረንት ግን ሌላ ነው። ሰው ቶረንት ሲባል ፊልም ብቻ ነው የሚመስለው እንጂ የቶረንት ፋይል ማለት ትልቁ ፋይል በትናንሽ ቁራጭ ተቆርጦ የእያንዳንዱ ቁራጭ ሃሽ በተራ የተመዘገበበት መዝገብ ነው። እና ኡቡንቱ አይኤስኦውን የሚያስቀምጥበት ገጽ ላይ ከጎኑ የዚያው ፋይል ቶረንትም አለ። ግማሽ ሜጋ እንኳን አይሞላም።

እንዲህ አድርጊ። የዚያኑ የቨርዥኑን ቶረንት አውርጂ፣ ስሙ ከፋይልሽ ስም ጋር አንድ መሆኑን እይ፣ ከነጥብ በኋላ ያለችው ቁጥር ጭምር፣ 24.04ና 24.04.1 የተለያየ ፋይል ነው። የተበላሸውን አይኤስኦ ቦታ ካለሽ ሌላ ፎልደር ላይ አንድ ኮፒ አስቀምጪለት ለማንኛውም። ከዚያ ኪውቢትቶረንት የሚባለውን የቶረንት ማውረጃ ጫኚ፣ ቶረንቱን ስትጨምሪ "የት ላስቀምጥ" ሲልሽ የተበላሸው አይኤስኦ ያለበትን ፎልደር ስጪው፣ "ቶረንቱን ጀምር" የሚለውን ሳጥን ምልክቱን አንሺ፣ ከገባ በኋላ ራይት ክሊክ አድርገሽ ፎርስ ሪቼክ በዪው። ያለሽን ፋይል ቁራጭ በቁራጭ እያነበበ ከመዝገቡ ጋር ያመሳክራል፣ ደህና የሆነውን አይነካውም፣ የተበላሸችውን ቁራጭ ብቻ ለይቶ ይይዛል። ሲጨርስ ስታርት ስትዪው የሚያወርደው እነሱን ብቻ ነው። ያው የተቀደደ ጋቢ ሙሉውን አይጣልም፣ ቀዳዳዋ ብቻ ትደፈናለች።

አንድ ማስጠንቀቂያ፣ ቶረንት ሲጨርስ ለሌላ ሰው መላክ ይጀምራል፣ ፓኬጅሽን ይበላዋል። ከመጀመርሽ በፊት የአፕሎድ ገደቡን ዝቅ አድርጊው፣ 100 ሲሞላ ወዲያው አቁሚው። በዋይፋይ ያልተገደበ ኔት ቢኖርሽ ለሌላው ብታካፍዪ ደግ ነበር ግን በሌሊት ፓኬጅ ደግነት አያስፈልግም 😅

ሊኑክስ ላይ ላላችሁ ደግሞ ዚሲንክ የሚባል አለ እሱም ያለህን ፋይል ተጠቅሞ የጎደለውን ብቻ ነው የሚያመጣው። ለዊንዶውስ ሰው ግን ቶረንቱ ይቀላል።

የአዌቱ_ልጅ

ይሄን ጥያቄ በመጠየቅሽ አላህ ይስጥሽ፣ እኔም ኡቡንቱ ልጭን እያሰብኩ ኔቱን ፈርቼ ነው የተውኩት። ጓደኛዬ አውርዶት ነበር ቂጦ ድረስ ሄጄ ከላፕቶፑ ልወስድ ስል ፍላሼ 32 ጊጋ ባዶ ነው "ፋይሉ በጣም ትልቅ ነው" ብሎ እምቢ አለኝ። 32 ውስጥ 6 እንዴት አይገባም???

ላጲስና_ራም

ፍላሽህ ፎርማት የተደረገው በፋት32 ነው። ፋት32 ላይ አንድ ፋይል ከ4 ጊጋ አይበልጥም፣ በትክክል ለመናገር 4,294,967,295 ባይት፣ ከዚያ አንዲት ባይት ብትጨምር አይችልም፣ የፍላሹ ባዶ ቦታ አይደለም ችግሩ። ኤክስፋት ወይም ኤንቲኤፍኤስ አድርገህ ፎርማት አድርገው፣ ፎርማት ሲደረግ ያለው ሁሉ ይጠፋል ቀድመህ ገልብጥ። ደግነቱ የዊንዶውስ ኮፒ እምቢ አለህ፣ አንዳንድ ፕሮግራም እምቢ ሳይል እዚያ ቁጥር ላይ ሲደርስ ቆርጦ ያስቀምጥልሃል። አንድ ፋይል ልክ 4 ጊጋ ላይ ካለቀ ያን ጊዜ ፋት32 አልፎበታል ማለት ነው።

ባለ_ሶስት_እግር

ልጆች ሰላም ናችሁ። የናንተን ጨዋታ ሳነብ የኛ ዘመን ትዝ አለኝ። ያኔ ኡቡንቱ ሲዲውን በነፃ በፖስታ ይልክ ነበር፣ እስከ 2011 እ.ኤ.አ. ድረስ፣ ፖስታ ሳጥን ያለው ሰው ሁለት ሦስት ወር ጠብቆ ከነካርቶኑ ይደርሰው ነበር። ሌላውን ግን አውርደን በሲዲ እናቃጥል ነበር፣ 700 ሜጋ ለማውረድ ሳምንት። ኢንተርኔት ቤት ሄጄ የኤምዲ5ቱን (የዱሮው የሃሽ ዓይነት ነው) 32 ፊደልና ቁጥር በእስክሪብቶ ደብተሬ ላይ ገልብጬ ቤት መጥቼ አንድ በአንድ በጣቴ እየተከተልኩ አመሳክራለሁ። አንድ ቀን አልገጥም ብሎኝ ሲዲውን ልጥለው ስል ስህተቱ የኔ ሆኖ ተገኘ፣ የራሴን 6 ቁጥር "b" እያልኩ ነበር የማነበው።

አሁን ስለዚህ ቁጥር ሁለት የተለያየ ጉዳይ መሆኑን ልንገራችሁ ሰው ሲያምታታው አያለሁ። አንደኛው ፋይሉ ሳይታሰብ ተበላሽቷል ወይ የሚለው ነው፣ መብራት፣ ዲስክ፣ ራም። ለዚህ ኤምዲ5ም ይበቃል። ሁለተኛው ሰው ሆን ብሎ ቀይሮታል ወይ የሚለው ነው፣ ለዚህ ኤምዲ5 አይረባም፣ እ.ኤ.አ. በ2004 እነ ዋንግ ሺያዩን የተባሉ ቻይናውያን ተመራማሪዎች አንድ ዓይነት ኤምዲ5 ያላቸው ሁለት የተለያዩ ዳታዎች ሠርተው አሳይተዋል። ሻ1ም እ.ኤ.አ. በ2017 ወደቀ፣ ጉግልና አምስተርዳም ያለው የምርምር ተቋም ሆነው ሁለት የተለያዩ ፒዲኤፎች ባንድ ሻ1 አወጡ። ሻ256 እስካሁን ቆሟል። መለየቱ ቀላል ነው፣ 32 ፊደል ከሆነ ኤምዲ5፣ 40 ከሆነ ሻ1፣ 64 ከሆነ ሻ256።

ከጓደኛ መገልበጥ የሚለው ነገር በጣም ጥሩ ነው፣ ከኔት አንድ ሰው ያውርድ ሰፈሩ ሁሉ ይገልብጥ፣ እኔ የማምንበት ነው። ግን ፋይሉን ከፈለግከው ሰው ውሰድ፣ ቁጥሩን ግን ከፋይሉ ባለቤት ድረገጽ በገዛ ስልክህ እይ። 64 ፊደል ነው፣ ትንሿን ፓኬጅ እንኳን አይጨርስም። ፋይሉንም ቁጥሩንም ከአንድ ሰው ከተቀበልክ ምንም አላጣራህም፣ ሰውየው ራሱ ስለራሱ መሰከረ።

ዝም_ብለህ_ጫን

እሺ ጋሼ ተሸንፌያለሁ እህቴንም ይቅርታ። ግን 64 ፊደል ማን ቁጭ ብሎ ያመሳክራል፣ መጀመሪያ አራቱንና መጨረሻ አራቱን ካየሁ አይበቃም?

ባለ_ሶስት_እግር

ለመብራቱ ጉዳይ ይበቃል። አንዲት ቢት እንኳን ብትቀየር ቁጥሩ ከላይ እስከ ታች ነው የሚገለባበጠው፣ እህታችን እንዳለችው የመጀመሪያዋ ፊደል ሳይቀር። ተንኮለኛ ካለበት ግን አይበቃም፣ ስምንት ፊደል ማለት 32 ቢት ነው፣ ወደ 4.3 ቢሊዮን ሙከራ ነው፣ ለአንተ ብዙ ይመስልሃል እንጂ ለዛሬ ኮምፒውተር ምንም አይደለም፣ ሁለቱ ጫፍ እስኪመሳሰል ፋይሉን እየነካካ ይሞክራል። ደግሞስ ምን አስለፋህ? ያወጣኸውን ቁጥር ኮፒ አድርግና ድረገጹ ገጽ ላይ ኮንትሮል ኤፍ ብለህ ፔስት አድርገው። ካገኘው ገጠመ፣ ካላገኘው አልገጠመም። እኔ እንደዚህ የሚል ሰው ሳላገኝ ነው ዓይኔን የጨረስኩት።

የማታ_ተማሪ

ጋሼ አንድ ነገር ልጨምር ካልከበድኩ። ድረገጹ ራሱ ቢጠለፍስ? በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 20 ቀን 2016 ሊኑክስ ሚንት ላይ የደረሰው እሱ ነው፣ ድረገጻቸው ተሰብሮ የሚንት 17.3 ሲናሞን ማውረጃ ሊንክ በስተጀርባ በር የተከፈተበት አይኤስኦ ወዳለበት ሌላ ሰርቨር ዞሮ ነበር። በዚያ ቀን በቶረንት ያወረዱት አልተነኩም። ድረገጹን የያዘ ሰው ደግሞ ሊንኩን ከቀየረ ከጎኑ ያለችውን ሃሽ መቀየር አያቅተውም። ለዚህ ነው ፊርማ የሚያስፈልገው።

ባለ_ሶስት_እግር

ልክ ነህ ልጄ፣ እሱን ልመጣበት ነበር። የኡቡንቱ የሃሽ ዝርዝር ከጎኑ ጂፒጂ የሚል ጭራ ያለው ሌላ ትንሽ ፋይል አለ፣ ያ ፊርማው ነው። ቀበሌ የሚሰጥህ ደብዳቤ ማኅተምና ቲተር ከሌለው ማንም አይቀበልህም አይደል? ሃሹ ደብዳቤው ነው፣ ፊርማው ማኅተሙ ነው። ማኅተሙን የሚያጣራልህ የኡቡንቱ የሕዝብ ቁልፍ ነው፣ እሱን አንዴ ታስገባዋለህ። ሲያጣራ "ፊርማው ደህና ነው" ብሎ ከሥሩ ደግሞ "ቁልፉ የባለቤቱ ለመሆኑ ማረጋገጫ የለኝም" የሚል ማስጠንቀቂያ ያወጣል፣ አትደንግጡ፣ የቁልፉን ፊንገርፕሪንት (መለያ ቁጥሩን) ድረገጹ ላይ ካለው ሌላ ቦታ ላይም ካለው ጋር አስተያይተው ከገጠመ እሺ ነው። ፎቶኮፒ ቤት ውስጥ ይሄ ሁሉ አያስፈልግም ትሉ ይሆናል። ሰው መታወቂያውንና የባንክ ደብተሩን ስካን የሚያደርግበት ማሽን ላይ ነው የሚጫነው፣ እኔ ብሆን አደርገው ነበር።

ፎቶኮፒ_አጂፕ

ቤተሰብ!!! ተመልሻለሁ።

የማታ ተማሪ እንዳለኝ አደረግኩ። ቶረንቱ ገባ፣ ፎርስ ሪቼክ አልኩት፣ ያቺ አረንጓዴ መስመር ቀስ እያለች ስትሄድ ደንበኛ "ኧረ ፎቶኮፒ" እያለኝ እኔ ስክሪን ላይ ተተክዬ፣ 99.8 ላይ ቆመች። 24 ሺህ ምናምን ቁራጭ ነው ብሎ አሳየኝ አንዷ ቁራጭ 256 ኪሎባይት ነች፣ ከነሱ ውስጥ የጎደሉት 41 ብቻ። አርባ አንድ! ከ10 ሜጋ ትንሽ ብቻ ነው የሚያልፈው። የሚገርመው ደግሞ ቀዳዳዎቹ ሁለት ቦታ ላይ ተሰብስበው ነው ያሉት፣ መብራት ሁለቴ ነበር የጠፋው። በቀን ፓኬጅ ስታርት አልኩት፣ ቡናው ሳይፈላ 100 አለ ወዲያው አቆምኩት። ሻ256 አሰላሁ፣ የጋሼን ኮንትሮል ኤፍ አደረግኩ፣ ቢጫ ሆኖ ብልጭ አለልኝ። እልል ልል ነበር ደንበኛ አፍሬ ነው።

ግን ደስታዬ አልቆየም። ያንኑ ፍላሽ እንደገና ጻፍኩት፣ መጫን ጀመረ፣ አሁን ከበፊቱ ቦታ አልፎ ሄደና ወደ ኋላ ላይ እንደገና ቀጥ አለ። ፋይሉ እኮ አሁን ገጥሟል? ምን ቀረ?

ላጲስና_ራም

ቀረ ፍላሹ። ኮምፒውተርሽ ላይ ያለው ፋይል መግጠሙ ፍላሹ ላይ የተጻፈው ገጠመ ማለት አይደለም። ስንት ጊጋ ነው? ከየት ገዛሽው?

ፎቶኮፒ_አጂፕ

64 ጊጋ። መርካቶ ጋ ከመንገድ ላይ። ርካሽ ነበር 🙈

ላጲስና_ራም

አትነግሪኝም። 64 ተብሎ በርካሽ የሚሸጥ ፍላሽ ብዙ ጊዜ ውስጡ ትንሽዬ ቺፕ ነው ያለው፣ ለኮምፒውተሩ "64 ነኝ" ብሎ እንዲዋሽ ተደርጎ የተሠራ። ከእውነተኛ ልኩ በላይ ስትጽፊበት እምቢ አይልም፣ "እሺ ጻፍኩ" ይልሻል፣ የትም አይጽፈውም። ኤችቱቴስትደብልዩ የሚባል ትንሽ ፕሮግራም አለ፣ መጫን አያስፈልገውም፣ ፍላሹን ባዶ አድርገሽ ሙሉውን ይጽፍበትና መልሶ ያነበዋል፣ የጻፈውንና ያነበበውን ያስተያያል። ሊኑክስ ላይ ኤፍ3 የሚባለው ያንኑ ይሠራል። ረጅም ሰዓት ይፈጃል፣ ላፕቶፕ ላይ አድርጊው መብራት እንዳይቀድምሽ።

እና አንድ ተንኮል አለ ብዙ ሰው የማያውቀው። ፋይል ፍላሽ ላይ ገልብጠሽ ወዲያው ሃሹን ካየሽ ኮምፒውተሩ ከፍላሹ ሳይሆን ገና ራሙ ላይ ካለው ኮፒ ሊያነብልሽ ይችላል፣ ይገጥማል፣ ትሸወጃለሽ። ገልብጠሽ ስትጨርሺ በሥርዓቱ ኢጀክት አድርጊ፣ ንቀዪ፣ መልሰሽ ሰክተሽ ነው የምታዪው። ለሰው ፋይል የምትሰጪ ከሆነ ሁሌ እንደዚህ።

የማታ_ተማሪ

ደግሞ የተጻፈበትን ቡታብል ፍላሽ በሙሉ ሃሽ አድርገሽ ከድረገጹ ጋር እንዳታስተያዪ አይገጥምም። ሩፈስ በአይኤስኦ ሞድ ከጻፈው ፋይሎቹን አውጥቶ ነው የሚያስቀምጠው የራሱንም ይጨምራል። በዲዲ ሞድ (አይኤስኦውን እንዳለ ባይት በባይት) ቢጻፍም ፍላሹ ከአይኤስኦው ስለሚበልጥ ከመጀመሪያው ጀምረሽ የአይኤስኦውን ባይት ያህል ብቻ ካነበብሽ ነው የሚገጥመው። አንድ ልጅ በዚህ ምክንያት ሁለት ደህና ፍላሽ ጥሏል፣ ማን እንደሆነ አልናገርም።

ዝም_ብለህ_ጫን

እኔ እኮ ፍላሽ ቀይር ብዬ ነበር መጀመሪያ ላይ 😎

ላጲስና_ራም

የቆመ ሰዓትም በቀን ሁለቴ ልክ ነው ወንድሜ። ፍላሹን ብቻ ብትቀይር 41ዱን ቀዳዳ ማን ይሞላላት ነበር?

ፎቶኮፒ_አጂፕ

አትጣሉ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። ሌሊቱን ሲሠራ አድሮ ጠዋት ሳየው ከ64ቱ ደህና የሆነው 3.7 ጊጋ ገደማ ብቻ ነው፣ የቀረው ጠፍቷል ይላል በቀይ። አይኤስኦው 6 ፍላሹ 3.7፣ ባልተጻፈ ነገር ነው ስጭን የከረምኩት። እና ደንበኞቼ ስንቱን ፋይል በዚህ ፍላሽ አመላልሼላቸዋለሁ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ከአንድ ሱቅ 16 ጊጋ ገዛሁ፣ ገዝቼ እዚያው ሱቁ ውስጥ ላፕቶፔን አውጥቼ ልፈትሽ ስል ባለሱቁ ሳቀብኝ፣ ሁለት ጊጋ ያህል ብቻ ፈትኜ ነው አፍሬ የወጣሁት፣ ቤት ሄጄ ቀሪውን ጨረስኩ ደህና ነው። ኡቡንቱ ተጭኗል። በሁለቱም አሮጌ ማሽን። የሾርትከት ቫይረስ ያለበት ፍላሽ ሰክቼ አየሁት፣ ቫይረሱ ምንም ማድረግ አቅቶት እንደ ተራ ፋይል ተኝቷል ሰረዝኩት።

የጋሼንም ፊርማ ሞከርኩ፣ ከተጫነ በኋላ ቢሆንም፣ "ፊርማው ደህና ነው" አለኝ ከሥሩ ያ ማስጠንቀቂያ ወጣ ባይነግሩኝ ኖሮ ደንግጬ ነቅዬው ነበር።

አሁን የቀረኝ ፕሪንተሩ ነው፣ አንዱን አወቀው አንዱን አላወቀውም፣ እሱን ለብቻው እጠይቃችኋለሁ።

የአዌቱ_ልጅ

እህቴ ሐሙስ ገበያ ስወጣ በአጂፕ በኩል ነው የማልፈው፣ ፍላሼን ኤክስፋት አድርጌዋለሁ፣ ያንን አይኤስኦ ልገልብጥ እችላለሁ?

ፎቶኮፒ_አጂፕ

ና ከ8 ሰዓት በኋላ፣ ጠዋት የካምፓስ ልጆች ይበዛሉ። ቁጥሩን ግን ከኔ አትጠይቀኝ አልነግርህም፣ በስልክህ ራስህ አውጥተህ ና 😄